“ይለመዳል” አትበሉን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ነርስ ነኝ። አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ከወሩ ግማሽ ያህሉን አዳር ነኝ። ደብዳቤዬ ረዘም ይላል። ቆርጣችሁ ብታወጡት አልቀየምም፤ ስለ ሰዓት የጻፍኩትን ብቻ አትንኩብኝ።

መጀመሪያ ከእናንተ ጋር ያለኝን ልጨርስ። የመኪና አደጋ ዜና ስታወጡ ሁሌም አነባለሁ፣ ከሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ። ዜናው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ አንድ የጭነት መኪና ከመንገድ ወጣ፣ ወይም ከፊቱ ከቆመ መኪና ጋር ተላተመ፣ ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ምክንያቱ ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር ነው፣ አለቀ። ሰዓቱን እኮ ራሳችሁ ጽፋችሁታል! ሾፌሩ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መሪ እንደያዘ፣ መጨረሻ የተኛው መቼ እንደሆነ ግን አንድም መስመር የለም። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፍሬን አይረግጥም።

እኔ የምኖርበት ብሎክ ለአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ቅርብ ነው። ሌሊት ሌሊት የተሳቢዎቹ ድምፅ ይሰማኛል። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ጉድጓድ የሌለው። ችግሩ የደከመ ሾፌርን የሚያነቃ ነገርም የለውም። ከአደጋ በኋላ እኛ ጋ ሲመጡ ረዳቱን እጠይቀዋለሁ። “መቼ ነው የተኛው?” “ሞጆ ላይ ትንሽ ሸለብ አድርጎ ነበር።” “ከዚያ በፊትስ?” ዝም። ይህን ጥያቄ ጋዜጠኞቻችሁም እንዲጠይቁ ነው የምለምናችሁ። ትራፊክ ፖሊስም ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፣ ግን ለእነሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ነገሩ የሾፌር ብቻ አይደለም። በእኛ በኩል፣ ከቃሊቲ ጀምሮ እስከ አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም ድረስ ያለውን አስቡት። ፋብሪካ ነው፣ መጋዘን ነው፣ ዳቦ ቤት ነው፣ ጋራዥ ነው። ሁሉም ደጅ ላይ ጥበቃ አለ። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ሰርቪሶች ሰው ያወርዳሉ፣ ሌላ ሰው ይጭናሉ። ከዋናው አስፋልት እስከ ብሎኩ ያለውን መንገድ ጅብ እየፈሩ የሚሄዱ ልጆች አሉ። የከተማው ዳርቻ ሌሊት አይተኛም። ቀን ደግሞ ማንም አያስተኛውም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ጭንቅላታችን ውስጥ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴሎች ግራና ቀኝ ተከማችተው ይገኛሉ። ሥራቸው ሰዓት መቁጠር ነው። ሰውነት መቼ ይሙቅ፣ መቼ ይቀዝቅዝ፣ ሜላቶኒን የሚባለው የሌሊት ሆርሞን መቼ ይውጣ የሚሉት እነሱ ናቸው። ጉበትም፣ ቆሽትም፣ ልብም የየራሳቸው ትንንሽ ሰዓት አላቸው፤ ትእዛዝ የሚጠብቁት ግን ከዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህ ሰዓት ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ነው፦ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ። ያጠኑት የፍራፍሬ ዝንብ ነው። አንድ ጂን ፕሮቲን ያስመርታል፣ ፕሮቲኑ ሌሊት ይከማቻል፣ ሲበዛ ጂኑን ራሱን ያስቆመዋል፣ ቀን ቀን ይፈርሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። አንድ ዙር 24 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዝንብም በሰውም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ ሱፐርቫይዘሩ “ጠንከር በሉ እንጂ!” ብሎ ሊያስተካክለው የሚፈልገው ይህን ነው።

ይህ ሰዓት ለብቻው ቢተው ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል። ስለዚህ በየቀኑ የሚያስተካክለው ነገር ይፈልጋል። የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ከማየት ይልቅ ብርሃን መኖሩን ለዚህ ሰዓት ለመንገር የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ ዓይነ ስውር በሆኑ አንዳንድ ሰዎች ላይ እንኳ ሥራቸውን አያቆሙም። ሜላቶኒን ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መውጣት ይጀምራል፣ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጣሪያ ይነካል። የሰውነት ሙቀት ደግሞ ሌሊት 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ከሁሉ ጊዜ በላይ ይወርዳል። ያን ሰዓት ላይ እኛ ክፍል ሁሉም ጋቢ ይፈልጋል፣ ክፍሉ ባይበርድም። የመድኃኒት መጠን ስናሰላ ሁለት ሰው ሆነን የምናየውም ያን ሰዓት ላይ ነው። አንዷ ታሰላለች፣ ሌላዋ ትደግማለች።

አሜሪካ ውስጥ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። ቼርኖቤል እ.ኤ.አ. በ1986 ሌሊት 7 ሰዓት ከ23 ላይ ፈነዳ። እንቅልፍ ብቻውን አደረገው አልልም፤ የማሽን ጉድለትም ነበረ፣ የሥልጠናም። ግን ማሽን የሚበላሽበትን ሰዓት መምረጥ አይቻልም። ሰው የሚያስብበትን ሰዓት ግን እናውቀዋለን።

አንድ ጥናት ልጨምርላችሁ፣ ይህኛውን በጣም ስለምወደው። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ነው። ሰዎቹን እንቅልፍ ከልክለው እጅና ዓይናቸው ምን ያህል እንደሚታዘዛቸው ለኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለእነዚያው ሰዎች መጠጥ እየሰጡ ለኩ። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየው ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኘ። 24 ሰዓት ሲሞላው 0.10 በመቶ ገደማ ደረሰ። 0.05 ብዙ አገር ውስጥ መኪና መንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው።

በእኛ ሰዓት እንቁጠረው። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳች ሴት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞልቷታል። የአዳር የመጀመሪያው ቀን ደግሞ እንዲሁ ነው የሚውለው። ጠዋት ልጅ ታደርሳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ማታ ሥራ ትገባለች። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀምሳ የመጣች ያህል ናት። ሲነጋ የለየላት ሰካራም ናት። ማንም ግን ትንፋሿን አይለካም፤ እንዲያውም “ጎበዝ፣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም” ትባላለች።

“ይለመዳል” ስትሉ የምትሉት ይህን ነው። የብሎካችን ጥበቃ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ 24 ሰዓት ገብተው 24 ሰዓት ያርፋሉ። ስለዚህ ነገር ባወራኋቸው ቁጥር “ኧረ ልጄ፣ ይለመዳል! እኛ ከድሮም እንዲህ ነን” ይሉኛል። የደም ግፊታቸውን የምለካላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አላምናቸውም።

ለምን እንደማይለመድ ልንገራችሁ። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ አዲስ አበባ ሲገባ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለበት። መጀመሪያ ሌሊት አፍጥጦ ያድራል፣ ምሳ ላይ ያንጎላጃል። ግን በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ በሳምንት ገደማ ደህና ይሆናል። ጸሐዩም፣ ምግቡም፣ ሰዉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጎትቱት ነው። እኛን ጸሐዩ ወደ ኋላ ይጎትተናል። እዚህ አገር ጸሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የምትወጣው፣ ልክ እኛ ከአዳር የምንወጣበት ሰዓት ላይ። ሰርቪስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ ያ ብርሃን ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ፣ ለዚያ ጭንቅላት ውስጥ ላለው ሰዓት “ነግቷል፣ ተነሺ” ማለት ነው። አንቺ ግን ልትተኚ እየሄድሽ ነው። በእረፍት ቀን ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ዕድር አለ፣ ክርስትና አለ። ቀን ነቅተን እንውላለን። ሰውነት ሊዞር ትንሽ ሲቀረው ራሳችን እንመልሰዋለን። ለዓመታት ሌሊት ብቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ተጠንተው እንኳ ሰዓታቸው ሙሉ በሙሉ የዞረላቸው በጣም ጥቂት ናቸው።

የሚለመድ ነገር አለ እንጂ። ድካሙን መርሳት ነው የሚለመደው። በተከታታይ ቀናት እንቅልፍ የተቀነሰባቸው ሰዎች ከጥቂት ቀን በኋላ “ያን ያህል አልደከመንም” ማለት ይጀምራሉ፤ ሲፈተኑ ግን በየቀኑ እየባሰባቸው ይሄዳል። የደከመ ሰው ድካሙን መመዘኛ የሚሆነው ያው የደከመ ጭንቅላቱ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ “ደህና ነኝ” ሲላችሁ አልዋሸም። የጥበቃውም “ይለመዳል” ውሸት አይደለም።

ስለ ቀን እንቅልፍ ደግሞ ብዙ አለኝ። ቤቱ ጸጥ ቢል እንኳ ቀን የሚተኛ ሰው እንቅልፍ ከሌሊቱ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያጥራል። የሰውነት ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ እየጨመረ ስለሚሄድ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነቃል። ቤቱ ጸጥ የማይል ከሆነስ? ኑና የእኛን ብሎክ እዩ። ከ3 ሰዓት ጀምሮ “ቆራሌው!” አለ፣ “ልዋጭ!” አለ፣ የድንችና የሽንኩርት ሻጩ ደግሞ ድምፁን ቀድቶ በሜጋፎን ሲያዞር ይውላል፣ እሱ ራሱ እንኳ አይጮህም እኮ፣ ጉሮሮውን አሳርፎ የእኔን ጆሮ ይዟል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሴራሚክ ይቆርጣል። ግራይንደር ያልሰማሁበት ጠዋት ትዝ አይለኝም። ቆርቆሮ ቤት የሚኖሩት ደግሞ ድምፁ አንሷቸው እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ይጋልባቸዋል።

ውሃስ? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ቀን ከሆነ ፎቁ ላይ የተገኘሽው አንቺ ብቻ ነሽ። “ውሃ መጣ!” ብሎ በር ይደበደባል። ተነስተሽ የራስሽን ጄሪካን ትሞያለሽ፣ የጎረቤትን ሮቶም ትከፍቻለሽ፣ ቁልፍ አንቺ ጋ ነውና የተተወው። ከዚያ ተመልሰሽ ጋደም ትያለሽ። እንቅልፉ ግን ከውሃው ጋር ሄዷል። በዚህ ጎረቤቶቼን አልወቅስም፤ እኔም ያው አደርጋለሁ። ግን ይህ የተቆራረጠ ነገር ተደምሮ እንደ እንቅልፍ ሊቆጠርልኝ አይገባም።

አንድ ነገር ይገርመኛል። ሰፈራችን ውስጥ ማኅሌት ቆመው ያደሩ አባት ጠዋት ጋደም ቢሉ ማንም አይቀሰቅሳቸውም። ልጆቹ “አባባ ተኝተዋል” ተብለው ወደ ሜዳ ይባረራሉ። በረመዳን ለተራዊህ ያመሸና ለሱሁር የተነሳ ሰው ቀን ቢያንቀላፋም ሰው ይረዳዋል። ደስ ይላል፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሲያገላብጥ ያደረ፣ ወይም ጠዋት ለቁርስ የምትበሉትን ዳቦ ሲጋግር ያደረ ሰው ሲተኛ “አሁንም አልተነሳም እንዴ?” የሚባለው ለምንድን ነው? ማክበሩን የምናውቅ ሰዎች ነን። ለማን እንደሚገባ ነው የለየነው።

ሴት ስትሆን ይብሳል። ከእኔ በላይ ያለችው ልጅ አቃቂ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሦስት ሺፍት። ባሏም ሌላ ፋብሪካ ሺፍተኛ ነው። እሱ ከናይት ሲመለስ መጋረጃ ይዘጋል፣ ልጁን ይዛለት ትወጣለች፣ እኔ ቤትም ይመጣሉ። እሷ ከናይት ስትመለስ ልጁ እሷው ጋ ነው። አማቷ አንድ ቀን “ሴት ልጅ ጸሐይ እስኪሞቅ ትተኛለች?” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ድረስ ማሽን ላይ ቆማ ነበር። እኔ መልስ ልሰጥ ስል እጄን ያዘችኝ። ለአማት መልስ አይሰጥም አይደል፣ ስለዚህ ለጋዜጣ ጻፍኩ።

የእሷን ፕሮግራም ሳየው ነው በጣም የተናደድኩት። ሺፍቱ በሳምንት በሳምንት ይቀየራል፣ የሚዞረውም ወደ ኋላ ነው። ከናይት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ጠዋት። ቀደም ብዬ የሰውነት ሰዓት ከ24 ትንሽ ይረዝማል ብያለሁ። ስለዚህ ሰው አምሽቶ መተኛት ይቀለዋል፣ ቀድሞ መተኛት ነው የሚከብደው። ሺፍት ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ቢዞር ሰውነት ይሻለዋል። ወደ ኋላ ሲዞር ሌላም ነገር ይመጣል። ማታ 4 ሰዓት የወጣች ልጅ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ትገባለች። መሀሉ 8 ሰዓት ነው። ሰርቪስ ጥበቃ፣ መንገድ፣ እራት፣ ልጅ ማስተኛት፣ ጠዋት ደግሞ ሰርቪስ እንዳያመልጣት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት። የቀረውን እናንተ አስሉት። ይህን ለመቀየር ገንዘብ አያስፈልግም። ወረቀት ላይ ያለውን ቀስት ማዞር ነው።

ሆድን ልርሳው ነበር። እኛ ጋ ከሺፍተኛ ሁሉ የምሰማው “ጨጓራዬን” ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንጀራ በወጥ የበላ ሰው፣ ያንኑ ምግብ ጠዋት ቢበላው ከሚሆነው በላይ የደሙ ስኳር ይወጣል። በዚያ ሰዓት ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ አይሠራም። ዋናው ሰዓት “ሌሊት ነው” ይላል፣ ሆድ “ምግብ መጣ” ይላል፣ ጉበት በመሀል ግራ ይገባዋል። ተራ አስከባሪ የጠፋበት ታክሲ ተራ ይሆናል ነገሩ። ለረጅም ዓመት ሺፍት በሠሩ ሰዎች ላይ ዓይነት 2 የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በዛ ብሎ የሚታየው አለ ምክንያት አይደለም። እኔ ዋናውን ምግብ ከመግባቴ በፊት በልቼ ሌሊት ላይ ሾርባ ወይም ሙዝ ብቻ ነው የምቀምሰው። በሁዳዴ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም ስለማልበላ ሆዴ ከሌላው ጊዜ ይሻለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ሆድ ነው፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ካንሰርስ ለሚል ሰው ባጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከዚያም በ2019 እንደገና፣ የሌሊት ሥራን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ተብለው ከሚታሰቡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ቀይ ሥጋም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ ሥራ ልቀቁ አልልም፤ ደግሞስ የት ይኬዳል? እኔን ከካንሰሩ በፊት የሚያስፈራኝ ከአዳር ወጥቶ መኪና የሚነዳው ሰው ነው።

ቡና ላይ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ቡና እንቅልፍን አያጠፋም፤ ይሸፍነዋል። ቀኑን ሙሉ ስንነቃ ጭንቅላት ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ እሱ ነው የሚያስተኛን። ካፌይን መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን አልሄደም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ቡና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ደሜ ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ አልጋ ላይ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ ከዚያም ይቆያል፤ ይህን ብዙዎች አያውቁም። ስለዚህ ቡናችሁን በሺፍቱ መጀመሪያ ጠጡ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ተዉት። ጫት ደግሞ ይባስ ነው። ሾፌሮቹም፣ አንዳንድ ጥበቃዎችም በእሱ ነው የሚያድሩት። ምርቃናው እስካለ ንቁ ነኝ ይላል። ሲወርድ ግን የተሸፈነው ሁሉ አንዴ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ወደ ንጋት ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ አንድ የሚያውቅ ዘመዴን ጠይቄ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ራሴ አነበብኩት። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። በዚያው ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት 1.75 እጥፍ ይከፈላል። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ 1.75 ለትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛ ሺፍቷ ሌሊት የሆነችው የላይኛዋ ጎረቤቴ በዚህ አታገኝም፤ አሠሪው በኅብረት ስምምነት ካልሰጣት በቀር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የሌሊት ሥራ ስምምነት፣ ቁጥር 171፣ የሌሊት ሠራተኛ ሲፈልግ ነፃ የጤና ምርመራ እንዲያገኝ ይላል። እኛ አገር ነፃው ምርመራ ቢቀር እንኳ፣ የሺፍት ፕሮግራም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢለጠፍ ስንት ሰው እፎይ ባለ።

አሠሪዎች የሚፈሩት ደግሞ ሸለብታን ነው። ሰው ተኝቶ ካገኙ ደመወዝ ይቆርጣሉ። ናሳ ረጅም በረራ ላይ የነበሩ አብራሪዎችን እንኳ 40 ደቂቃ ዕድል ሰጥቶ አስተኝቷል፤ በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ፣ ካልተኙት ይልቅም ንቁ ሆነው ተገኙ። አውሮፕላን የሚያበርረው ሰው ተራ ይዞ ከተኛ የላስቲክ ማሽን የሚጠብቀው ቢተኛ ምን ይሆናል? ተራ ይያዝ፣ ሰዓት ይሞላ፣ ይተኛ። ብቻ ከእንቅልፍ ሲነቁ ወዲያው ከባድ ነገር አይሠራም፤ ጭንቅላቱ እስኪጠራ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይሰጠው። እኛ ክፍል ውስጥ ይህን በድብቅ እናደርገዋለን። ድብቅ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም በድብቅ የሚተኛ ሰው ሰዓት አይሞላም።

ለራሳችሁ የምትፈልጉት ካለ፣ ለእኔ የጠቀሙኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን አዳር ከመግባቴ በፊት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እተኛለሁ፣ ልብሱ ሳይታጠብ ይቀራል። ጠዋት ስወጣ ደግሞ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ሰው ያፈጥባታል፣ “ማታ የት አምሽታ ነው” ይላሉ መሰለኝ። ይበሉ። ቤት ስገባ መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። ራሳቸው መኪና ለሚነዱት ግን መነጽሩን አልመክርም፤ እነሱ ነቅተው ቤታቸው ቢደርሱልኝ ይበቃኛል።

እኛ ሆስፒታል የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም እየተሠራ ነው። ሺፍቱ ወደ ፊት እንዲዞርና አዳር ከሦስት ቀን በላይ እንዳይከታተል በወረቀት ጠይቀናል። አዳር የምንገባው ነርሶች በሙሉ ፈርመናል፣ ሁለት ሐኪሞችም ጨምረውበታል። ማትሮኗ ወረቀቱን ተቀብላ “አየዋለሁ” ብላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዳር ነርስ
ቱሉ ዲምቱ